ከኩርባ በኋላ የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳል፦ ሸራው ወደ ኋላ እንዳይገፋ ማድረግ

ያን ቀን የውድድር ትራክ ላይ ስወጣ መኪናዬ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። የፍሬን ዘይቱ አዲስ ነው፣ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ገና ግማሹ አላለቀም፣ ዲስኮቹ ስንጥቅ የላቸውም። ሦስተኛው ዙር ላይ ፈጣኑን የግራና የቀኝ ኩርባ ጨርሼ ስወጣ የውጪው ጎማ የትራኩ ዳር ያለው ቀይና ነጭ ጉብታ፣ ከርቡ፣ ላይ ወጥቶ ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ረጅሙ ቀጥታ። ሁልጊዜ ፍሬን የምይዝበት ቦታ ስደርስ ረገጥኩ። ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እስከ ግማሽ ሰመጠ። እግሬን አንስቼ ደግሜ ስረግጥ ግን ጠንክሮ ያዘ። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሴኮንድ 25 ሜትር ይጓዛል። እነዚያን 25 ሜትሮች ከየትም ማምጣት አልቻልኩም፤ ኩርባውን ትቼ በቀጥታ ወደ ጠጠሩ ገባሁ።

ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ብዬ ከአራቱም ጎማ ፍሬን በየተራ አየር አስወጣሁ። በቱቦው አንድ አረፋ እንኳ አልወጣም። እንደገና ወጣሁ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሰመጠ። አብረውን የነበሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሁለተኛው ርግጫ እንዴት ነው?»

«ድንጋይ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አየር አይደለም ልጄ። ሸራህ ከዲስኩ ርቆ ነው የሚጠብቅህ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ችግር በራሴም በጓደኞቼም መኪና ላይ ደጋግሜ ፈትሻለሁ። እዚህ የምጽፈው በእጄ የሠራሁትን፣ በሠራሁበት ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ በሽታውን ለዩ

ፔዳል የሚሰምጥባቸው ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው፣ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው። አየር ከሆነ ፔዳሉ ሁልጊዜ ስፖንጅ ነው፤ መኪናው ቆሞም፣ ቀዝቅዞም። ዘይቱ ፈልቶ ከሆነ የሚመጣው ከብዙ ዙር በኋላ፣ ፍሬኑ በጣም ሲግል ነው፤ ደጋግማችሁ ብትረግጡም ልስላሴው አይለቅም፣ እየባሰም ይሄዳል። ዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበት ሲጠጣ ደግሞ ቢያንስ እስከ 155 ድረስ እንዲችል ነው ደረጃው የሚያዘው። ስለዚህ ያረጀ ዘይት ይዞ ትራክ የገባ ሰው መጀመሪያ እሱን ይቀይር።

ሸራው ተገፍቶ ከሆነ ምልክቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ርግጫ ረጅም፣ ሁለተኛው አጭርና ጠንካራ። ከዚያ ኩርባ ወይም ከርብ እስኪመጣ ድረስ ደህና ነው።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ኩርባ ሳይኖር፣ በረጅም ቀጥታ መንገድ ብቻ ስትነዱ ቆይታችሁ ስትረግጡስ ይሰምጣል? አዎ ከሆነ ዲስኩ ራሱ እየተወላገደ በየዙሩ ሸራውን እየገፋ ነው። የሚሰምጠው ከኩርባ ወይም ከከርብ በኋላ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞዞውን (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን)፣ ሞዞው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ወይም እነሱን የተሸከመውን ብረት ጠርጥሩ። ይህ ልዩነት የግማሽ ቀን ሥራ ይቀንስላችኋል።

ሚሊሜትሩ እንዴት ፔዳል ላይ እንደሚበዛ

ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር ውስጥ፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን የሚያቅፍ ጎሚኒ አለ። ስትረግጡ ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ይጣመማል፤ ስትለቁ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን በጣም በጥቂቱ ይስበዋል። በሸራና በዲስክ መካከል ያለው ጤናማ ክፍተት ከዚህ ነው የሚመጣው። ኩርባ ላይ ግን ጎማው በጎን ሲገፋ ሞዞው ያዘነብላል፣ ዲስኩም አብሮት ያዘነብልና ሸራውን ይገፋል። ግፊቱ ጎሚኒው ሊጣመም ከሚችለው ካለፈ ፒስተኑ በጎሚኒው ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሚመልሰው ነገር የለም። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ስለሌለ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ዘይቱን የሚገፋበት ዕቃ) ቀዳዳ ክፍት ነው፣ ዘይቱም ያለ ምንም ተቃውሞ ወደ ታንኩ ይመለሳል።

በእኔ መኪና ቁጥር ላስላው። የፊት ካሊፐሬ ሰውነቱ የማይንቀሳቀስ፣ በአንድ ጎን 38 እና 42 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ፒስተኖች ያሉት ነው። የሁለቱ ስፋት ሲደመር 25 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአንድ ጎን ሸራ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ከተገፋ ግማሽ ሲሲ ዘይት ተመለሰ ማለት ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ ሲሆን አንድ ሲሲ። የማስተር ሲሊንደሬ ውስጠኛ ስፋት 23.8 ሚሊሜትር ስለሆነ ያንን አንድ ሲሲ ለመመለስ 2.3 ሚሊሜትር መሄድ አለበት። ፔዳሉ አራት እጥፍ ስለሚያበዛው እግሬ 9 ሚሊሜትር በባዶ ይወርዳል። አሁን የግራና የቀኝ ኩርባ ተከታትለው መጥተው የውስጡም የውጪውም ሸራ ከተገፋ 18 ሚሊሜትር። የወረቀት ውፍረት የሚያህል ነገር እግር ላይ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል።

ዲስኩ በሰፋ ቁጥርም ይብሳል። ሞዞው 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ከመሐሉ 140 ሚሊሜትር ርቀት ላይ 0.24 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 165 ላይ 0.29። ትልቅ ዲስክ፣ ሰፊና የሚይዝ ጎማ፣ ቸርኬውን ወደ ውጪ የሚገፋ ስፔሰር አንድ ላይ የገጠመ ሰው ኩሽኔታው ላይ የጫነው ሸክም ፋብሪካው ካሰበው በላይ ነው። መኪናዬ ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበረባት ችግር የጀመራት ትልቁን ፍሬን ከገጠምኩላት በኋላ መሆኑ ለዚህ ነው።

የቱ ጎማ እንደሆነ በአንድ ሰው እርዳታ ማወቅ

ይህን ፈተና ሁሉም ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያ አይፈልግም። መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥና ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግሞ ይርገጥ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቅ። እናንተ አንድ ጎማ ብቻ ያዙ፤ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች። በሙሉ ጉልበታችሁ ከላይ ግፉ ከታች ሳቡ፣ ከዚያ በተቃራኒው፣ አምስት ስድስት ጊዜ። አሁን ውስጥ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይርገጥና የት ላይ እንደያዘ ይናገር። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎማ።

እኔ ስሠራው ታናሽ ወንድሜ ነበር ከውስጥ። የቀኝ ፊት፣ ምንም። የኋላዎቹ፣ ምንም። የግራ ፊቱን አወዛውዤ «እስቲ ርገጥ» ስለው «ወረደ!» አለ። ጎማውን ይዤ ስነቀንቀው ለእጄ የተሰማኝ መላላት አልነበረም፤ ፔዳሉ ግን ነገረን። መኪናው ከትራክ እንደወጣ፣ ኩሽኔታው ገና ትኩስ እያለ ብትሞክሩት ይበልጣል። የሰው ጉልበት ኩርባ ላይ ካለው ኃይል ጋር ስለማይወዳደር በዚህ ፈተና ምንም ካልታየ መኪናው ነጻ ነው ማለት አይደለም። የታየበት ጎማ ግን በእርግጥ ጥፋተኛ ነው።

ኩሽኔታውና ሞዞው

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ኩሽኔታው ከላላ ሌላ ማናቸውም ነገር ጊዜ ማባከን ነው፤ ቀይሩት። ስትቀይሩ የአክስሉን ዳዶ በአምራቹ ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። ሞተሩ በሚያዞራቸው ብዙ ጎማዎች ላይ ኩሽኔታውን አጥብቆ የሚይዘው ያ ዳዶ ነው። ዳዶው ሳይጠብቅ መኪናውን መሬት ላይ ማውረድ አዲሱን ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይጎዳዋል። አንድ ጊዜ በመዶሻ ተመትቶ የተቆለፈ ዳዶንም ደግማችሁ አትጠቀሙ። የእኔ የግራ ፊት ኩሽኔታ ተፈትቶ ሲወጣ ለዓይን ደህና ይመስል ነበር፤ በጣት ስታዞሩት ግን አንድ ቦታ ላይ ሻከር ይል ነበር። በከርብ ስመታው የቆየሁበት ውጤት ነው።

ለትራክ የተጠናከሩ ሞዞዎች የሚሸጡላቸው መኪኖች አሉ። ኤስኬኤፍ ኤክስ ትራከር ብሎ የሠራው ዓይነት ለምሳሌ የውጪው ረድፍ ኳሶች ከውስጡ በሰፋ ክብ ላይ ተደርድረዋል፣ ቁጥራቸውም ይበዛል፤ ስለዚህ በጎን ሲገፋ ብዙም አያዘነብልም። ለመኪናችሁ ከተገኘ፣ ወደ ታች ከማነሣው የፒስተን ሞላ በፊት እሱን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ዲስኩ የሚቀመጥበት የሞዞ ፊት። ዲስኩን አውጥታችሁ ፊቱን በሽቦ ብሩሽና በሻካራ ጨርቅ ብረቱ እስኪያበራ ጥረጉ፤ በተለይ በችካሎቹ ሥር ያለውን ዝገት። የዲስኩንም ጀርባ እንዲሁ። ትንሽ ዝገት ምን ያደርጋል እንዳትሉ፦ ከመሐል 65 ሚሊሜትር ላይ 0.02 ሚሊሜትር የሚያነሣ ቅርፊት በዲስኩ ዳር፣ 155 ሚሊሜትር ላይ፣ 0.05 ገደማ ይሆናል።

ከዚያ ለኩ። ማግኔት ያለው ማቆሚያ ላይ የተገጠመ ዲያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ልዩነት የሚያሳይ መለኪያ፣ ያስፈልጋል። ዲስኩን በሁሉም የጎማ ዳዶዎች፣ ከሥር ሮንዴላ አድርጋችሁ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል እኩል እሰሩ፤ በአንድ ዳዶ ብቻ ተይዞ የተለካ ዲስክ ውሸት ይናገራል። የጌጁን ጫፍ ከዲስኩ ዳር 10 ሚሊሜትር ገባ ብላችሁ አሳርፉና ዲስኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ንባብ ልዩነታቸው ነው ውልግድናው። እኔ ከ0.05 ሚሊሜትር በታች ካልሆነ አልገጥምም።

የመጀመሪያ ንባቤ 0.11 ነበር። ዲስኩ ጠሟል ብዬ ልጥለው ስል ጋሼ «ቆይ፣ አንድ ቀዳዳ አዙረው» አሉኝ። ፈትቼ በአንድ ችካል አሻግሬ አሰርኩት፣ 0.08። እንደገና፣ 0.04። የዲስኩ ስህተትና የሞዞው ስህተት በአንድ አቅጣጫ ሲገጥሙ ይደመራሉ፣ በተቃራኒ ሲገጥሙ ይጠፋፋሉ። ባለ አምስት ችካል ከሆነ አምስቱንም ሞክሩ፣ ጥሩውን በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ዲስኩ በወጣ ቁጥር እዚያው ይመለሳል። ጎማውን ስትገጥሙም ዳዶውን በአየር መፍቻ አታስጨንቁት፤ በቶርክ ቁልፍ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ደረጃ። በደንብ የተለካ ዲስክ በተዛባ ጥበቃ እንደገና ሊወላገድ ይችላል።

እንደ ካሊፐሩ ዓይነት

ካሊፐራችሁ በፒን ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ዲስኩ ሲሄድ አብሮት ስለሚሄድ ይህ ችግር ብዙ አይነካውም፤ ፒኖቹ ከደረቁ ግን ጥቅሙ ይቀራል። አውጥታችሁ አጽዱ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ቀቡ።

ሁለት ክፍል ሆኖ የሚሠራ ተንሳፋፊ ዲስክ የገጠመ ደግሞ አንድ ነገር ያጣራ፦ ዲስኩ በሙቀት ወደ ዳር እንዲሰፋ ብቻ ነው የተፈቀደለት ወይስ ወደ ጎንም ይንቀሳቀሳል? ከሸራ መገፋት የሚያድነው ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰው ነው። ማያያዣዎቹ በፍሬን ብናኝ ከተደፈኑም ተንሳፋፊነቱ በስም ብቻ ይቀራል። በእጅ ነቅንቁት፤ መንቀሳቀስ አለበት።

የኋላ አክስሉ ድፍን ሆኖ ዘንጉ ዲፈረንሻል ውስጥ በሲ ቅርጽ ቅንጥብ የተያዘ መኪና ላይ የማይንሸራተት ካሊፐር እንዳትገጥሙ እለምናችኋለሁ። ዘንጉ በተፈጥሮው ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ዲስኩም አብሮት። እዚያ የሚንሸራተተው ካሊፐር ትክክለኛው ምርጫ ነው። ያለዚያ ዘንጉ በዚያ ቅንጥብ ወደማይያዝበት አሠራር መቀየር ነው።

አንዳንድ ካሊፐሮች ሁለቱን ሸራዎች እንዲለያዩ የሚገፋ ቀጭን ሞላ አላቸው። ለከተማ መንዳት ጥሩ ነው፤ ትራክ ላይ ግን የምንሸሸውን ክፍተት ራሱ ስለሚፈጥር ከአምራቹ መመሪያ ጋር አመሳክራችሁ አውጡት።

ከፒስተን ጀርባ የሚገባ ሞላ

ሁሉም ተለክቶ፣ ሁሉም ጠብቆ አሁንም ጥቂት የሚሰምጥ ከሆነ የሞላው ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ ፒስተን ጀርባ የምትገባ ደካማ ሞላ ፒስተኑን ሁልጊዜ ወደ ዲስኩ ትገፋለች፤ ዲስኩ ሲሄድ ሸራው ይከተለዋል፣ ሲመለስም አብሮ ይመለሳል። እንደ ኤፒ ሬሲንግና አልኮን ያሉ የውድድር ፍሬን ሠሪዎች ለካሊፐሮቻቸው ያቀርቧታል። ለሌላ ካሊፐር የተሠራችን ወይም በልክ የተቆረጠችን ሞላ አታስገቡ፤ ለዚያ ካሊፐር የተሠራችውን ብቻ።

ሥራው ካሊፐሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጎሚኒዎቹንም በዚያው ቀይሩ። በአንድ ካሊፐር ውስጥ ፊት ለፊት ያሉ ፒስተኖች እኩል ሞላ ይኑራቸው። ገጥማችሁ አየር ካስወጣችሁ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩ፦ ለስለስ ያለ የመፋተግ ድምፅ ይኖራል፣ ግን ጎማው ሳይጨነቅ መዞር አለበት። እጃችሁ የሚታገል ከሆነ ሞላው ከብዷል፤ ዲስኩን ያግላል፣ ሸራውን ይበላል። ከመጀመሪያው መውጣት በኋላ የግራና የቀኝ ዲስክ ሙቀት ለኩና አወዳድሩ፤ አንዱ በግልጽ ከበለጠ እዚያ የሚጎትት ነገር አለ። ሸራ ስትቀይሩ ደግሞ አሮጌው እንደወጣ ሞላው ፒስተኑን ሊገፋው ስለሚችል በቦታው ቀጭን እንጨት አስገቡ።

በዘይቱ መስመር ላይ የቀሪ ግፊት ቫልቭ፣ ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ጥቂት ግፊት የሚያስቀረውን፣ አስገቡ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ለዲስክ ፍሬን የሚሸጠው 0.14 ባር ገደማ ይይዛል፤ የተሠራውም ማስተር ሲሊንደሩ ከካሊፐሩ በታች በሆነበት መኪና ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ነው። ከላይ ባሰላሁት ካሊፐር ላይ የሚሰጠው ግፊት 35 ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ለላላ ኩሽኔታ መፍትሔ አድርጌ አላየውም።

የግራ እግር ንክኪ

እስከዚያ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሕይወታችሁን የሚጠብቀው ይህ ልማድ ነው። ከኩርባው ወጥታችሁ መሪው ቀጥ ሲል፣ ቀኝ እግራችሁ ነዳጅ ላይ እንዳለ፣ በግራ እግራችሁ ፍሬኑን ንኩት። ማቆም አይደለም ዓላማው። ፔዳሉ ባዶውን ወርዶ የመጀመሪያውን ጥንካሬ ሲሰጣችሁ፣ እዚያ ላይ፣ ልቀቁ። ሸራው ዲስኩ ጋ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ከርብ ወይም ጉብታ ካለ ድገሙት፤ ንክኪው የሚያገለግለው እስከሚቀጥለው መንገጫገጭ ብቻ ነው።

የግራ እግር ፍሪሲዮን ጥርግ አድርጎ መርገጥ ስለለመደ መጀመሪያ ላይ ፍሬኑንም እንደዚያ ይረግጠዋል። ባዶ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ፣ ተረከዛችሁን ወለሉ ላይ ተክላችሁ በጣት ጫፍ ብቻ ተለማመዱ። እኔ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ሁለቱ ፔዳሎች አንድ ላይ ሲነኩ ነዳጁን የሚቆርጡ ዘመናዊ መኪኖችም አሉ፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ነዳጁን ለአፍታ ለቅቃችሁ በቀኝ እግር ንኩት። የፍሬን መብራታችሁ ቀጥታው መሐል ላይ ስለሚበራ ከኋላችሁ ለሚመጡት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኩርባ ውስጥ፣ መኪናው በጎን ተጭኖ እያለ ግን አትሞክሩት።

ያ ግራና ቀኝ ኩርባ አሁንም አለ፣ ከርቡም አለ። አሁን ከእሱ ስወጣ የግራ እግሬ የሚወርደው ጥቂት ብቻ ነው፣ ልኩንም እግሬ በቃሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ከዚያ ልክ ጠለቅ ካለ ዙሩን እዚያው አቋርጬ እገባለሁ፤ ጎማውን አወጣለሁ፣ ዲያል ጌጁንም ከግራ ፊቱ እጀምራለሁ።